የጠላሽው ሙያውን ነው ወይስ ያን ዓመት?

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን በአጭሩ ልድገመው። በ2011 በነርስነት ተመረቅሽ። ኮሮና ሲገባ እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ የሕክምና ማዕከል በኮንትራት ተቀጠርሽ። ጥር 2013 ላይ ለቀቅሽ። ከዚያ ወዲህ ሽምብጥ ሠፈር አክስትሽ ሱቅ ውስጥ ነሽ። በረኪና ሲሸትሽ ሆድሽ ይገለባበጣል። ሌሊት ትባንኛለሽ። የጠየቅሽኝ ሦስት ነገር ነው። ነርስነትን ትቼ አካውንቲንግ ልማር ወይ? ቃለ መጠይቅ ላይ "ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበርሽ?" ቢሉኝ ምን ልበል? የለቀቅኩት ደካማ ስለሆንኩ ነው ወይ?

ከመጨረሻው ልጀምር። አይደለም።

አንድ ቦታ ላይ እንዲህ ብለሻል፦ "አንዲት እናት 'ልጄ፣ እስቲ ፊትሽን ልየው' አሉኝ። ማስኩን ማውለቅ አልችልም። ደረቴ ላይ በማርከር የተጻፈውን ስሜን አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም ነበር። ሲነጋ አልጋቸው ባዶ ነበር።"

ይህን ይዞ ማን ደህና እንቅልፍ ይተኛል? የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ብቻ ጭንቀትና ድብርት በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ ጨምሯል። ይበልጥ የተጎዱት ደግሞ ወጣቶችና ሴቶች ናቸው። አንቺ ወጣትም ሴትም ነበርሽ፤ በዚያ ላይ አልጋው አጠገብ የቆምሽውም አንቺ ነሽ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን ለቅሶው ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ተባለ። መጋቢት 22 ባሕር ዳር ተዘጋች። ያን ሰሞን ታስታውሺ የለ? ባጃጅ የለም። የጣና ዳር ጀልባዎች እንደታሰሩ ናቸው። ጊዮርጊስን እንኳ ከሩቅ ነበር የምንሳለመው። ቀጥሎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣና መሰብሰብ ተከለከለ። አጎቴ ያረፈው ያን ክረምት ነው፣ በሌላ ሕመም። ድንኳን አልተጣለም። እድርተኛው ዕቃውን በር ላይ አድርሶ ተመለሰ። እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ብቻዋን አለቀሰች። እስከ ዛሬ የወንድሟ ስም ሲነሳ "ወጉ ሳይደርሰው" ትላለች።

እኛ ሐዘን የሚወጣልን ተቀምጠን ነው። ሰው ይመጣል፣ ንፍሮ ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል፣ ሟች ይወሳል። በሦስተኛው ቀን ትንሽ ቀለል ይላል። ያን ዓመት ይህ ሁሉ ቀረ። ከዚያም ጦርነቱ መጣ፤ ለወረርሽኙ ሟቾች መለስ ብለን እንድናዝን እንኳ ጊዜ አልሰጠንም። የሟች ቤተሰብ ቢያንስ በስልክ "እግዜር ያጽናችሁ" ተብሏል። አንቺን ግን ማንም እንዲህ አላለሽም። ሟቾቹ ዘመዶችሽ አይደሉማ! ተረኛ ስትሆኚ ያንኑ የፕላስቲክ ልብስ ለብሰሽ ተመልሰሽ ገባሽ።

ስለዚህ እኔ ልበልሽ። እግዜር ያጽናሽ፣ እህቴ።

አሁን ወደ ሙያው እንምጣ። ስለ አካውንቲንግ የጻፍሽው ግማሽ መስመር ነው፤ "ከሰው ጋር ብዙ አያገናኝም" የሚል። ተማሪ ሳለሽ ማዋለጃ ክፍል ስላደረግሽው ልምምድ ግን አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈሻል። ሕፃኑ ቶሎ አላለቅስ ብሎ ሁላችሁም እንደደነገጣችሁ፣ ሲያለቅስ ደግሞ ለአያቱ ልትነግሪ በኮሪደሩ እንደሮጥሽ። ይህን የጻፈች ልጅ ነርስነትን ጠልታለች ብዬ አላምንም። የጠላችው ያን ዓመት ነው። አካውንቲንግ ጥሩ ሙያ ነው፤ ወደሽው ብትገቢበት ደስ ይለኛል። ከሰው መሸሻ ብለሽ ከገባሽ ግን ዓመታትሽን ይበላብሻል።

ሳትወስኚ በፊት እስቲ ቅመሺው። ሠፈርሽ ካለው ጤና ጣቢያ ሂጂና የክትባት ወይም የእርጉዝ እናቶች ክትትል ክፍል ኃላፊዋን አነጋግሪ። "በሳምንት ሁለት ጠዋት በነፃ ላግዛችሁ" በያት። የሙያ ፈቃድሽ ካልታደሰ ታካሚ አትንኪ፤ ካርድ ማውጣትና እናቶችን ማስተናገድ ይበቃል። በረኪናው እዚያም ይሸታል። ከባሰብሽ ወደ ውጭ ውጪ፣ ንፋስ ተቀበዪ፣ ተመለሺ። ማታ ማታ የቀለለሽንና የከበደሽን ጻፊ። አንድ ወር በቂ ነው። ከወር በኋላም እግርሽ ወደዚያ አልሄድ ካለ፣ ያኔ ስለ አካውንቲንግ በደንብ እናወራለን።

ፈቃዱን ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ይጠየቃል። የክልሉ ጤና ቢሮ እዚሁ ከተማ ነው፤ በስልክ አትጠይቂ፣ ራስሽ ሂጂ። ከቀጠረሽ መሥሪያ ቤትም የሥራ ልምድ ማስረጃሽን አውጪ። ብዙ የኮንትራት ሠራተኞች ይህን ወረቀት ሳይወስዱ ይለቅቁና ኋላ ይቸገራሉ።

ቃለ መጠይቁ ብዙ አያስፈራሽ። እንዲህ በዪ፦ "በኮሮና ሕክምና ማዕከል ሠርቻለሁ። ሥራው ስለጎዳኝ ለማገገም ወጣሁ። ከዚያ የቤተሰብ ሱቅ ውስጥ ሠራሁ። አሁን ፈቃዴን አሳድሼ፣ ጤና ጣቢያ እያገዝኩ ነው።" ይህን የምትዪው በእርግጥ ካደረግሽው በኋላ ነው። እዚያ ላይ አቁሚ። ስለ እናትየዋ ለማንም ቀጣሪ የመንገር ግዴታ የለብሽም። ሱቁንም ሲቪሽ ላይ ጻፊው፤ ዕቃ ማዘዝና ዱቤ መከታተል ሥራ ነው።

እንቅልፉ ግን የእኔ ሙያ አይደለም። ዓመታት የቆየ መባነን ሐኪም ይፈልጋል። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ጠበል የምትሄጂ ከሆነ ሂጂ፤ ሐኪሙንም አትተዪ። "ምነው በሞትኩ" የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ። ለአክስትሽ ነግረሽ፣ እሷን ይዘሽ በዚያው ቀን ሂጂ።

እስከዚያው አንድ ነገር አድርጊልኝ። እሑድ ከሰዓት ሱቁን ዝጉና ከአክስትሽ ጋር ቡና አፍሉ። ንፍሮ ቀቅሉ። የቅርብ ጎረቤት ካለችም ጥሯት። ስለዚያች እናት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንገሪያቸው፤ ምን እንዳሉሽ፣ ስምሽን እንዴት እንዳሳየሻቸው። ማልቀስ ቢመጣ አልቅሱ።

ከዚያ በኋላ ፈቃድሽ መቼ እንዳበቃ ጻፊልኝ። ለጤና ጣቢያዋ ኃላፊ የምትዪውን አብረን እናዘጋጃለን።