መልስ፦ ብሩ ካለ ቺፑ ለምን ይዘገያል?

ወንድሜ፣ «አሜሪካ ለቺፕ (ስልክና ኮምፒውተር ውስጥ ላለችው የኤሌክትሮኒክስ ‹አእምሮ›) ያን ሁሉ ቢሊዮን አፍስሳ ለምን አሁንም የታይዋንን እጅ ታያለች?» ላልከው፣ ብሩ እንደሚወራው ብዙ አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የቺፕስ ሕግ (ቺፕ በአሜሪካ እንዲመረት የሚደጉመው የአሜሪካ ሕግ) ለፋብሪካ ማበረታቻ የመደበው 39 ቢሊዮን ዶላር ነው። እሱም ለብዙ ኩባንያዎች፣ በዓመታት ተከፋፍሎ። የታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ ብቻውን በ2024 ለፋብሪካና ለማሽን 30 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቷል።

ፋብሪካ ደግሞ ሕንፃ ብቻ አይደለም። ረቂቅ የሆኑትን ቺፖች የሚያትመውን የብርሃን ማሽን በዓለም ላይ የሚሠራው አንድ ድርጅት ነው፤ የኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል። ቲኤስኤምሲ በአሜሪካ አሪዞና ግዛት የሚሠራው ፋብሪካም የሠለጠነ ሠራተኛ አጥሮት የምርት መጀመሪያ ዕቅዱ ከ2024 ወደ 2025 ተገፍቶ ነበር። ማምረት ከጀመረ በኋላም አንዳንዶቹ ቺፖች ለመጨረሻው እሽግ (ቺፑን ለአገልግሎት በመያዣው ውስጥ ለማሸግ) ወደ ታይዋን ይላኩ ነበር። እንጀራው እዚህ ተጋግሮ ወጡ ሌላ ሰፈር እንደማለት ነው!

ገንዘቡ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። የአሪዞናው ፋብሪካ ዛሬ «4 ናኖሜትር» የሚባሉትን በጣም ረቂቅ ቺፖች ያመርታል፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግን የአሜሪካውን ቺፕ አምራች ኢንቴልን እይ። የድጎማው ትልቁ ተጠቃሚ ተብሎ ነበር፤ በ2025 ሊከፈት የታሰበው የኦሃዮ ፋብሪካው ግን ወደ 2030ና 2031 ተገፍቷል። ድጎማው ግንባታውን ያግዛል እንጂ ቺፑን የሚገዛ ደንበኛ አያመጣለትም።