መንጃ ፈቃድ ተነጥቆም ወደ ሥራ መንዳት ይቻላል፤ ግን ፍርድ ቤቱ በፈቀደው ልክ ብቻ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ባለፈው ሳምንት ጠጥቶ በማሽከርከር (ዲዩአይ) ተፈረደብኝ። የመጀመሪያዬ ነው፤ የአልኮል መለኪያው 0.11 አሳይቷል። መንጃ ፈቃዴ ለአንድ ዓመት ታገደ። ሆስፒታል የሌሊት ሺፍት እሠራለሁ፣ ልጄን ዴይኬር የማደርሰው እኔ ነኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ኡበር እነዳ ነበር። ጓደኞቼ «ለሥራ ከሆነ ማንም አይነካህም» ይሉኛል። እውነት ነው? ግሪን ካርዴስ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነት አይደለም። ፈቃድ ሳይኖርዎት ዛሬ ማታ ወደ ሥራ ቢነዱ ሌላ የወንጀል ክስ ይጠብቅዎታል። ቅጣቱ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። እባክዎ የፍርድ ቤቱ የፈቃድ ወረቀት እጅዎ እስኪገባ ድረስ መሪ አይጨብጡ።

ደግነቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተፈረደበት ሰው ዳኛው የተገደበ መንጃ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። ማመልከቻው የሚገባው ለፈረደብዎ ፍርድ ቤት ነው፤ የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ (ዲኤምቪ) የሚመጣው ከዳኛው ትእዛዝ በኋላ ነው። ቫሳፕ በሚባለው የመጠጥ ትምህርት ፕሮግራም መመዝገብም ግዴታ ነው። ከተፈረደብዎ ቀን ጀምሮ 15 ቀን ብቻ ስላለዎት ነገ ዛሬ አይበሉ። ፍርዱን ይግባኝ ማለት ከፈለጉ ደግሞ ጊዜው ከዚያም ያጥራል፤ 10 ቀን ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ውስጥ ጠበቃ ያነጋግሩ።

አሁን ዋናው ነገር። በተለመደው የተገደበ ፈቃድ ዳኛው የሚፈቅደው በደፈናው «መንዳት» አይደለም። (እንደ እርስዎ የመጀመሪያው የሆነና መለኪያው ከ0.15 በታች ያሳየበት አዋቂ ግን፣ ከጠየቀ፣ አልኮል የሚፈትሽ መሣሪያ (ኢንተርሎክ) በተገጠመለት መኪና ብቻ መንዳት ብቸኛው ገደብ እንዲሆን ሊፈቀድለት ይችላል፤ ያኔ መሣሪያው ቢያንስ 12 ወር ይቆያል። ጠበቃዎን ስለዚህ ይጠይቁ።) በተለመደው ፈቃድ ሕጉ ምክንያቶቹን ይዘረዝራል፤ ለምሳሌ፦ ሥራ፣ ትምህርት ቤት፣ ሕክምና፣ ልጅን ዴይኬር ወይም ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ቫሳፕ፣ ፍርድ ቤት። ቤተ ክርስቲያንም አለ፤ ግን በሳምንት አንድ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ለአንድ ቦታ። እሁድ ለቅዳሴ ካስመዘገቡ፣ ሚካኤል ማክሰኞ ሲውል ሰው ያድርስዎ። ከሥራ ሲመለሱ ሱቅ ጎራ ማለትም ትእዛዙ ላይ ካልተጻፈ አይቻልም። ከተፈቀደው ውጭ መንዳት ራሱ ወንጀል ነው።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ማመልከቻውን በደፈናው ስለሚጽፍ ነው። ከአለቃዎ ደብዳቤ ያጽፉ። የሥራ ቦታው አድራሻ፣ የሚሠሩባቸው ቀናት፣ ሺፍቱ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ሰዓት ይኑርበት። «ሌሊት ይሠራል» ብቻ አይበቃም። ትርፍ ሰዓት የሚያሠሩዎት ከሆነ እሱም ይጠቀስ፤ አለዚያ ንጋት 1 ሰዓት ተብሎ ተጽፎ 3 ሰዓት ላይ ፖሊስ ቢያስቆምዎ የሚያሳዩት ነገር አይኖርዎትም። የአገራችንን አቆጣጠር ለእርስዎ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ማመልከቻው ላይ ግን በፈረንጅ ሰዓት ይሁን። ከዴይኬሩም አድራሻውንና ሰዓቱን የያዘ ደብዳቤ ያምጡ። ትእዛዙን ሲቀበሉ ከክለርኩ መስኮት ሳይርቁ ሰዓቶቹንና አድራሻዎቹን አንድ በአንድ ያንብቡ፤ ስህተት ካለ እዚያው ይናገሩ። በሚነዱበት ጊዜ ሁሉ ከእርስዎ አይለየው።

መኪናው ላይ ኢንተርሎክ ይገጠማል። ነፍተውበት አልኮል ካላገኘ ብቻ ሞተሩ ይነሳል፤ መንገድ ላይም ድጋሚ ያስነፋዎታል። ትእዛዙ ከጸና በ30 ቀን ውስጥ መገጠሙን ለቫሳፕ ማሳየት አለብዎት፤ ከዚያም ቢያንስ በየ30 ቀኑ ይፈተሻል። በተለመደው ፈቃድ ጥፋት ሳይመዘገብበት ቢያንስ 6 ተከታታይ ወር መቆየት አለበት። ባለቤትዎ ያንኑ መኪና ከነዱ እሳቸውም ይነፋሉ። አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫም ሊያስመዘግብብዎ ስለሚችል ከመኪናው ያርቁት።

ኡበሩን ግን ለጊዜው ይርሱት። ባለፉት 7 ዓመታት ውስጥ በዲዩአይ የተፈረደበትን ሰው እንደ ኡበር ያሉ ኩባንያዎች አያሰማሩም፤ የተገደበው ፈቃድ ይህን አይለውጥም። ገቢዎ እንደሚቀንስ ይገባኛል፤ ከአሁኑ ሌላ ነገር ያስቡ።

ስለ ግሪን ካርድዎ፦ ሰው ያልተጎዳበት አንድ ተራ ዲዩአይ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ለመባረር አያበቃም። ዜግነት ሲያመለክቱ ግን መናገር አለብዎት፤ ፕሮቤሽን (የፍርድ ቤት ክትትል) ላይ እያሉም ማመልከቻው አይጸድቅም። ሁለተኛ ዲዩአይ ከመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ለዜግነት መልካም ሥነ ምግባር በሚመዘንበት ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ የተፈረደበት ሰው ያ ሥነ ምግባር እንደሌለው ይገመታል፤ ያንን ማስተባበል ደግሞ ከባድ ነው። ከማመልከትዎ ወይም ከአገር ከመውጣትዎ በፊት የፍርድ ወረቀቱን ይዘው ወደ ኢሚግሬሽን ጠበቃ ይሂዱ።