ኢራንና የኢራቅ የሺዓ ታጣቂዎች፦ ጥያቄና መልስ

የኢራቅ የሺዓ ታጣቂዎች ከቴህራን ጋር ስላላቸው ግንኙነት የመጡትን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ሃሽድ አል ሻቢ የማን ጦር ነው? የኢራቅ ወይስ የኢራን?

መልስ፦ ሃሽድ በአብዛኛው የሺዓ ታጣቂ ቡድኖችን ያቀፈ ጥምር ኃይል ነው፤ በሕግ የኢራቅ ነው። በጁን 2014 አይሲስ ሞሱልን ሲይዝ በሰሜን የነበረው የኢራቅ ጦር ተበተነ። ከሦስት ቀን በኋላ የኢራቅ ሺዓዎች ከፍተኛ የሃይማኖት መሪ አያቶላህ አሊ ሲስታኒ፣ መሣሪያ መያዝ የሚችል ሁሉ አገሩን እንዲከላከል ፈትዋ (የሃይማኖት ውሳኔ) ሰጡ። ልብ በሉ፤ ፈትዋው የጠራው ወደ መንግሥት የጸጥታ ኃይል ነበር። ነገር ግን አዛዥና ማሠልጠኛ አዘጋጅተው የጠበቁት እንደ ባድር፣ ካታይብ ሂዝቦላህና አሳይብ አህል አል ሃቅ ያሉ ነባር ቡድኖች ስለነበሩ ብዙው በጎ ፈቃደኛ የገባው በእነሱ በር ነው። በኖቬምበር 2016 ፓርላማው ባወጣው ሕግ ሃሽድ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥር ያለ የመንግሥት ኃይል ሆነ።

ጥያቄ፦ ደመወዛቸውን የምትከፍለው ኢራን አይደለችም እንዴ?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሃሽድ ደመወዝ የሚወጣው ከባግዳድ ግምጃ ቤት ነው። የ2023 በጀት 122,000 ገደማ የነበረውን የአባላት ቁጥር ወደ 238,000 አሳደገው። በ2022 መጨረሻ ደግሞ መንግሥት ለሃሽድ በ100 ቢሊዮን ዲናር ካፒታል ሙሐንዲስ የተባለ የሥራ ተቋራጭ ኩባንያ አቋቋመለት። ስለዚህ ተፅዕኖውን በገንዘብ ምንጭ ብቻ የሚለካ ሰው ነገሩ ያመልጠዋል። የቴህራን ትልቁ ትርፍ ወጪውን ጎረቤቷ መሸከሟ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የኢራን እጅ የሚታየው የት ነው?

መልስ፦ በሰዎቹ ላይ። ባድር በ1980ዎቹ መጀመሪያ እዚያው ኢራን ውስጥ ከኢራቃውያን ስደተኞችና ምርኮኞች ተመሥርቶ፣ በኢራንና ኢራቅ ጦርነት ከኢራን ጎን ተሰልፎ የተዋጋ ነው። ዛሬም መሪው የዚያ ዘመን ተዋጊ ሃዲ አል አሚሪ ነው። በጃንዋሪ 3 ቀን 2020 አሜሪካ በባግዳድ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የኢራን አብዮታዊ ዘብ የውጭ ዘመቻ ክንፍ የሆነው የቁድስ ኃይል አዛዥ ቃሲም ሱለይማኒን ስትገድል፣ አብሮት የሞተው አቡ ማህዲ አል ሙሐንዲስ ነበር፤ የሃሽድ ምክትል ኃላፊ፣ ማለትም የኢራቅ መንግሥት ባለሥልጣን፣ ያውም የካታይብ ሂዝቦላህ መሥራች። የባግዳድ አምባሳደርነቱም ቢሆን ከቁድስ ኃይል ለመጡ ሰዎች ሲሰጥ ቆይቷል፤ ኢራጅ መስጀዲ አንዱ ነው።

ጥያቄ፦ ሺዓ ሁሉ ቴህራንን ይሰማል ማለት ነው?

መልስ፦ በፍጹም አይደለም። አገርን የሃይማኖት ሊቅ መምራት አለበት ብለው አምነው ለኢራን ጠቅላይ መሪ ያደሩ ቡድኖች አሉ፤ በኢራቅ የሺዓ ቅድስት ከተማ በናጃፍ ያሉትን ሲስታኒን የሚከተሉም አሉ። ለምሳሌ ከሺዓ ቅዱሳን መካናት ጋር የተያያዙትና ሲስታኒን የሚከተሉት አራት የሃሽድ ክፍሎች በ2020 ከሃሽድ እዝ ወጥተው በቀጥታ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ተጠሪ ሆነዋል። በኖቬምበር 2019 በናጃፍ የኢራንን ቆንስላ ያቃጠሉት ተቃዋሚዎችም ሺዓዎች ነበሩ። በዚያ የተቃውሞ ንቅናቄ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገድለዋል። “ሺዓ ከሆነ የኢራን ነው” ማለት እነዚያን ወጣቶች መበደል ነው።

ጥያቄ፦ ጥቃት ሲደርስ “ኢራን አዘዘች” የሚለውን ዜና በምን ልመዝነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ሦስት ነገሮችን ለይ፦ ማዘዝ፣ መፍቀድ፣ ማስታጠቅ። ዜናዎች ሦስቱን ያደባልቋቸዋል።

ቀጥሎ ኃላፊነቱን የወሰደውን ስም መርምር። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ የሚሰማው “እስላማዊ ተቃውሞ በኢራቅ” የተኳሹን ማንነት የሚሸፍን የጋራ ስም ነው። ከዚያ መሣሪያውን ተመልከት። ባለ 107 ሚሊ ሜትር ሮኬት ብዙ አገሮች የሚሠሩት ስለሆነ ብቻውን ብዙም አያስረዳም፤ በስብርባሪው ላይ የተገኘ ምልክትና የምርት ዓመት፣ በድሮን ከሆነ ደግሞ ሞተሩና የመምሪያ ዕቃው የተሻለ ይናገራሉ። ይሁንና እነሱም የሚያሳዩት አስታጣቂውን ነው፤ አዛዡን አይደለም።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ጥቃቱ የሚቆምበት ሁኔታ ነው። በጃንዋሪ 28 ቀን 2024 ዮርዳኖስ ውስጥ ታወር 22 በተባለው የጦር ሰፈር ሦስት የአሜሪካ ወታደሮች ተገደሉ። በሁለተኛው ቀን ካታይብ ሂዝቦላህ ጥቃት ማቆሙን አወጀ። በመግለጫው ኢራን ያሉ ወንድሞቹ ግጭት ማባባሱን ብዙ ጊዜ እንደሚቃወሙ ተናግሯል። አል ኑጀባ የተባለው ቡድን ግን እቀጥላለሁ አለ። ከዚህ የምንረዳው፣ ልጓም መኖሩንና ሁሉንም እኩል እንደማይዝ ነው።

ጥያቄ፦ በጁን 2025 እስራኤል ኢራንን ስትደበድብ ለምን ዝም አሉ?

መልስ፦ የሚያጡት ነገር ስለበዛ። በ2021 ምርጫ የፓርላማ ክንፋቸው ፈታህ ከ48 መቀመጫ ወደ 17 ወርዶ ነበር። ተቀናቃኛቸው የሺዓ መሪ ሙቅታዳ አል ሳድር 73 ተመራጮቹን በ2022 ከፓርላማ ሲያስወጣ ግን ከአጋሮቻቸው ጋር መንግሥት መሠረቱ። ሚኒስቴር፣ ኩባንያና ደመወዝ ያለው ታጣቂ ለሌላ አገር ጦርነት አይቸኩልም።

ጥያቄ፦ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ትጥቅ ለምን አያስፈታቸውም?

መልስ፦ ሥልጣኑ የቆመው በእነሱ የፓርላማ ድምፅ ላይ ነው። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ሙስጠፋ አል ካዚሚ በጁን 2020 ሞክሮ ነበር፤ በባግዳድ ዶራ ሰፈር ከተያዙት 14 የካታይብ ሂዝቦላህ ሰዎች 13ቱ በቀናት ውስጥ ተፈቱ። የኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹ በኢራን ጋዝ ላይ መንጠልጠላቸውም እጁን ያስረዋል።

ለውጥ መኖሩን ማወቅ የፈለገ ሰው ከባግዳድ በስተደቡብ ያለችውን ጁርፍ አል ሳኸርን ይከታተል። አይሲስ በ2014 ከተባረረ ወዲህ ካታይብ ሂዝቦላህ ይዟታል፤ የተፈናቀሉት ሱኒ ነዋሪዎቿ እንዳይመለሱ ተከልክለዋል። እነዚያን ቤተሰቦች ወደ እርሻቸው መመለስ የቻለ ጠቅላይ ሚኒስትር በርግጥም ሃሽድን ያዛል።