ይሉኝታ ያስጀመረኝ ጸሎት

ሰሞኑን ከቅዳሴ ስንወጣ ባንክ የምትሠራ አንዲት ልጅ ያዘችኝ። «ጋሼ፣ ጸሎት እጀምርና ሳምንት ሳይሞላኝ እተወዋለሁ። ምን ይሻለኛል?» አለችኝ። «አይዞሽ» ብዬ ሸኘኋት። ቤቴ ስገባ ግን የቆየ ነገር ተቀሰቀሰብኝ።

በ1970ዎቹ ወጣት ቀያሽ ሆኜ ወሎ ውስጥ አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ነበርኩ። ዘበኛችን ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። (ዘበኛ ዓይኑ ደክሞ! ግን ጆሯቸው ለሁላችንም ይበቃ ነበር።) አንድ ምሽት ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው ድንኳኔ መጡ። «ልጄ፣ ፊደሉ እምቢ አለኝ። ታነብልኛለህ?»

የቄስ ትምህርት ቤት ስለተማርኩ ንባቡን እችላለሁ። ዘመኑ ግን ደርግ ነው። ዳዊት የሚያነብ የመንግሥት ሠራተኛ በጥሩ ዓይን አይታይም። ቢሆንም እምቢ ማለት ይሉኝታ ያዘኝ። የድንኳኑን በር ዘግተን ጀመርን።

ዳዊት 150 መዝሙር፣ 15 ንጉሥ ነው፤ አንዱ ንጉሥ አሥር መዝሙር ይይዛል። ለሳምንቱ ቀናት ይከፋፈላል፦ ሰኞ 3 ንጉሥ፣ ማክሰኞ 3፣ ረቡዕ 2፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብና ቅዳሜ ሁለት ሁለት። እሁድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ አለ። ቀኑን ሙሉ ገደል ለገደል ስዞር ውዬ ምላሴ ይተሳሰራል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በቃላቸው ያርሙኛል። ሲብስብኝ «አባ፣ ዛሬ አንድ ንጉሥ ይብቃን» እላለሁ። «ይብቃን» ይላሉ። በማግስቱ የማግስቱን እናነባለን። የቀረውን አስከፍለውኝ አያውቁም።

ከዚያ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ተዛወርኩ። ማን እንደሚያነብላቸው እንኳ ሳልጠይቅ ዕቃዬን ጭኜ ሄድኩ። የእኔም ጸሎት እዚያው ቀረ፤ ለብዙ ዓመት። መንገዱ ካለቀ በኋላ በዚያ በኩል ስንቴ አልፌያለሁ፤ አንዴም አልወረድኩም። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ልጄ፣ የምትተዪው ብቻሽን ስለሆንሽ ይመስለኛል። የሚጠብቅሽ ሰው ፈልጊ። እናትሽም ትሁን፣ የሥራ ባልደረባሽም፣ ፊደል የማትቆጥር ጎረቤትም። «ጌታ ግን ወደ እልፍኝህ ግባ፣ መዝጊያህንም ዝጋ ብሏል» ትይኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው። እኔ ግን ያለ ሽማግሌው እልፍኙ በር ድረስም አልሄድም ነበር።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ሁሉን በአንዴ ትፈልጋላችሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55ቱንም ቀን እስከ 9 ሰዓት ልጹም፣ ሰባቱንም የጸሎት ሰዓት ልጠብቅ ትላላችሁ። ብዙም ሳይቆይ የጾም ኬክ ፎቶ ትለጥፋላችሁ። ስልክ የጸሎት ጠላት ነው። እርግጥ እኔም ዳዊቱን አሁን የማነበው በስልክ ነው፤ ፊደሉን ያተልቅልኛል።

ለሥራ ሰው ውዳሴ ማርያም ጥሩ መጀመሪያ ነው። ለየዕለቱ ስለተከፋፈለ የቀኑ ድርሻ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያልቃል። ከዚያ በላይ ያለውን መጠን ራሳችሁ አትቁረጡ፤ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። በተለይ የሌሊት ተረኞች፣ መድኃኒት የምትወስዱና የምታጠቡ እናቶች፣ ጾሙ ሳይገባ ቀደም ብላችሁ አነጋግሯቸው።