ከሚክሰሩም ከአዳራሹም፦ የባንዳችሁን ሥራ መድረክ ላይ በምን ትቀዳላችሁ?

የአንባቢያን ጥያቄ እና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ስድስት ሆነን የምንሠራ ባንድ አለን። ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ሳክስፎን፣ አንዲት ድምፃዊት፣ እኔ ደግሞ ኪቦርድ። በወር ሁለት ሦስት ጊዜ መድረክ ላይ እንወጣለን። የተጫወትነውን መልሰን መስማት እንፈልጋለን፤ ጥሩ የወጣውን ደግሞ ለሰው ማሰማት። እስካሁን የሞከርነው ከሚክሰሩ (የማይኮቹና የመሣሪያዎቹ ድምፅ ከሚገናኝበት ማሽን) በኬብል ወደ ላፕቶፕ መቅዳት ነው። የድምፃዊቷ ድምፅ ብቻውን ጎልቶ ይወጣል፤ ድራሙ የለም ማለት ይቻላል። ከሥሩም «እ...ም» የሚል ድምፅ አይጠፋም። አንዱ ልጅ በእጅ የምትያዝ ትንሽ መቅጃ ትበቃናለች ይላል። ሌላው ሁሉንም መሣሪያ ለየብቻ ካልቀዳን ዋጋ የለውም ይላል። ዕቃ የሚሸከምልን ሰው የለም፤ ቴክኒሻንም የለንም። ምን እንግዛ?
ኪቦርድ ተጫዋቿ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ከብዙ ዓመት በፊት የቀዳሁትን አንድ ምሽት አስታወሰኝ። ልክ እንደ እናንተ ከሚክሰሩ በሁለት ኬብል ወስጄ ቀዳሁ። በማግስቱ ልጆቹ ተሰብስበው ሰሙ። ድምፃዊው ጆሯችን ሥር የሚዘፍን ይመስል ነበር። ድራመሩ አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማና «እኔ ትናንት አልነበርኩም እንዴ?» አለኝ። ያን ምሽት ከልቡ ነበር የተጫወተው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥፋቱ የቤቱ ሳውንድ ማን፣ ማለትም ሚክሰሩን የሚያስተካክለው ሰው፣ አይደለም። ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ድራም ያለ ማይክም ይሰማል። የጊታሩ አምፕም እንደዚያው። ሳውንድ ማኑ እነሱን በስፒከሩ ቢጨምርባቸው ሰው ጆሮውን ይዞ ይወጣል። በስፒከሩ የሚያሳልፈው በራሱ የማይሰማውን ነው፦ የድምፃዊቷን፣ ያንቺን ኪቦርድ፣ ምናልባት ሳክሱን። ስለዚህ ከሚክሰሩ በኬብል የምትወስዱት አዳራሹ ውስጥ የጎደለውን ድምፅ ነው።

ማይክ ብቻ አቁማችሁ ብትቀዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ድራሙ ሙሉ ነው፣ ቤዙ ደረት ይመታል፣ ጭብጨባውም አለ። የግጥሙ ቃል ግን ይደበዝዛል። ማይኩ ሥር የቆመ ሰው ወሬ ከጀመረ ወሬውም አብሮ ይቀዳል።

ምክሬ እንግዲህ ይኸው፦ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚቀዳ ባለ አራት ትራክ (አራት ድምፅ ለየብቻ የሚይዝ) መቅጃ ግዙ። እላዩ ላይ ሁለት ማይክ ያለው፣ ከታች ደግሞ ሁለት የኤክስኤልአር መሰኪያ (የማይክ ኬብል የሚገባበት) ያለው። ሁለቱ ትራክ አዳራሹን ይቀዳሉ፣ ሁለቱ ሚክሰሩን። ቤት ስትገቡ አዳራሹን መሠረት አድርጋችሁ የድምፃዊቷን ድምፅ ከሚክሰሩ ትጨምሩበታላችሁ። የታስካም ዲአር-40ኤክስ እና የዙም ኤች4 ኢሴንሻል እንደዚህ ዓይነት ናቸው። በአንድ እጅ ይያዛሉ፣ በባትሪ ይሠራሉ። እንደ ዙም ኤች1 ያሉት በጣም ትንንሾቹ ሁለት ትራክ ብቻ ነው ያላቸው። ለልምምድ ጥሩ ናቸው፤ ለእናንተ ችግር ግን መፍትሔ አይሆኑም።

በባትሪ መሥራቱ ለመሸከም ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ያ «እ...ም» የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ላፕቶፑም ሚክሰሩም ከየፊናቸው ግድግዳው ላይ ተሰክተው በኬብል ሲገናኙ ነው። በሁለቱ ምድር ሽቦዎች መካከል ኤሌክትሪክ ይዞራል። በባትሪ የሚሠራ መቅጃ ግድግዳውን ስለማይነካ ያ ዙር ይቋረጣል። ላፕቶፑንም ቻርጀሩን ነቅላችሁ ሞክሩት፤ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማችኋል።

ስትገዙ አንድ ነገር ጠይቁ፦ የኤክስኤልአር መሰኪያው የላይን ድምፅ (ከሚክሰር የሚወጣውን) ይቀበላል ወይ? ማይክ የሚልከው በጣም ደካማ ድምፅ ነው። ሚክሰር የሚልከው ደግሞ በብዙ እጥፍ የበረታ ነው። ለማይክ ብቻ በተሠራ መሰኪያ ሚክሰር ብትሰኩበት፣ የመቅጃውን ጌይን (የሚገባውን ድምፅ የሚያጎላውን መቆጣጠሪያ) ዜሮ ብታደርጉትም ድምፁ ተሰነጣጥቆ ይገባል። የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ በኋላ አይጠገንም። አንድ ጊዜ የሁለት ሰዓት ሥራ እንዲህ ሆኖብኝ ጥያለሁ። ዲአር-40ኤክስ ላይ ማይክ ወይም ላይን ብላችሁ መምረጥ ትችላላችሁ። ለማይክ 48 ቮልት የሚልከውንም ማብሪያ ከሚክሰሩ በሚመጣው መሰኪያ ላይ አጥፉት። ያ ኃይል ለማይክ እንጂ ለሚክሰር አይደለም፤ ባትሪም ይበላል።

አሁን ወደዚያኛው ልጅ ሐሳብ ልመለስ፤ ሁሉንም ለየብቻ ወዳለው። ተሳስቷል አልልም። ምርጡ ድምፅ የሚገኘው እንደዚያ ነው። ግን ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የምትጫወቱበት ቤት ምን ሚክሰር እንዳለው እዩ። ቤሪንገር ኤክስ32 ከሆነ 32 ቻናል በአንድ የዩኤስቢ ኬብል ወደ ላፕቶፕ ይልካል። ኤክስአር18 ደግሞ 18 ይልካል። ሳውንድክራፍት ዩአይ24አር ላፕቶፕም አያስፈልገው፤ ፍላሽ ላይ ይቀዳል። እንደዚህ ከሆነ ሳውንድ ማኑን በትሕትና ጠይቁት። እሺ ካለ ምንም ሳትሸከሙ ሁሉም በየትራኩ ይኖራችኋል። ማይክ የሌለው መሣሪያ ግን ትራክም አይኖረውም፤ ድራሙ ላይ ማይክ መኖሩን አረጋግጡ።

ፋይሉም ቀላል አይደለም። 16 ትራክ በ24 ቢት እና በ48 ኪሎኸርዝ (የቀረጻው የጥራት ልክ ነው) ስትቀዱ በሰዓት ወደ 8.3 ጊጋባይት ይደርሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ያን ሁሉ ትራክ ቁጭ ብሎ ሚክስ የሚያደርገው ማነው? በወር ሦስት ሥራ ካላችሁ፣ ትራኮቹ ሳይሰሙ ሃርድ ዲስክ ላይ ሲከማቹ ይታየኛል። አራት ትራክ ግን በአንድ ምሽት ተስተካክሎ ያልቃል። በማግስቱ ሰምታችሁት ለሚቀጥለው ሥራ ትዘጋጃላችሁ። መቅዳት የፈለጋችሁት ለዚህ አይደል?

ስለ ቦታ ደግሞ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ከመቅጃው ዋጋ ይልቅ የሚቆምበት ቦታ ይበልጣል። ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት። ብርጭቆ ሲቀመጥ ይሰማል፣ ጠረጴዛውም ከቤዙ ጋር ይንቀጠቀጣል። መድረኩ ጠርዝ ላይም አታድርጉት፤ የድምፃዊቷ ስፒከር ወደ ሰው ነው የሚያየው፣ እሷን አታገኟትም። የኋላው ግድግዳ ጋ አታስጠጉት፤ ቤዙ እዚያ ይከማቻል። የማይክ መቆሚያ ያዙ። ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል ርቀት ላይ፣ መሐል ለመሐል አቁሙት። ከሰው ራስ በላይ፣ ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ከፍ ይበል። ከመድረኩ ያለው ርቀት በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ካለው ርቀት ጋር ቢቀራረብ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በሳውንድ ቼክ ጊዜ ጆሮ ማዳመጫ አድርገሽ አንድ ዘፈን ስሚ። የድምፃዊቷ ቃል ካልገባሽ ወደፊት አስጠጊው፤ ድራሙ ሁሉን ከሸፈነ ወደኋላ ሳቢው። የመቆሚያውን እግር በቴፕ ለጥፉት፣ ሰው እንዳይጠልፈው።

ግሬትፉል ዴድ የሚባለው የአሜሪካ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራውን ለሚቀዱ አድማጮች ብቻ የተለየ ቦታ ከልሎ ነበር። ቦታው ከሳውንድ ማኑ ኋላ ነው። ሳውንድ ማኑ ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ቆሞ በሚሰማው ልክ ስለሆነ፣ እዚያ አካባቢ የቆመ ማይክም ያንኑ ይሰማል። መሐል ላይ መቆም ካልተፈቀደላችሁ የእሱን አካባቢ ለምኑ።

አንድ ግራ የሚያጋባችሁ ነገር አለ፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል። መቅጃው ከመድረኩ 10 ሜትር ቢርቅ የአዳራሹ ድምፅ ከሚክሰሩ በ29 ሚሊሰከንድ ይዘገያል። ሁለቱን ስትደርቡ ያንቺ ኪቦርድ ይደበዝዛል፣ የድምፃዊቷም ቃል ጥላ ያበጃል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ድምፃዊቷ ማይኳ ፊት አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጋ ታጨብጭብ። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለቱ ጭብጨባዎች እስኪገጥሙ የሚክሰሩን ትራክ እንዲዘገይ አድርገሽ ወደ ቀኝ ግፊው። አንድ ጊዜ ከገጠመ ሌሊቱን ሙሉ ይገጥማል፤ አራቱም ትራክ የአንድ መቅጃ ናቸው።

ጌይኑን በሳውንድ ቼክ ስታስተካክሉ ቦታ ተዉለት። ሰው ሲሞላ ሁሉም ጠንከር አድርጎ ነው የሚጫወተው። ትልቁ ምት ከዜሮ (ድምፁ ከሚሰነጠቅበት ጫፍ) በታች 12 ዴሲቤል ላይ ቢቆም አይክፋሽ፤ በ24 ቢት ስትቀዱ ዝቅ ያለውን በኋላ ማንሳት ይቻላል። መቅጃው በራሱ ጌይን የሚጨምርና የሚቀንስበት ነገር ካለው አጥፉት። ማዳመጫውን አውልቃችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የመቅጃው የሰዓት ቁጥር መቁጠሩን እዩ፤ አንዳንድ መቅጃ መጀመሪያ ሲጫን ይዘጋጃል እንጂ አይቀዳም። ከዚያ ቁልፎቹን ቆልፉት።

ባትሪ ሁልጊዜ አዲስ። አንድ ጊዜ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ባትሪ አልቆብኝ ፋይሉ ሳይዘጋ ቀርቷል፤ ያንን ዘፈን አላገኘሁትም። አሁን ፓወር ባንክ ሳልይዝ አልወጣም። አራት ትራክ በ24 ቢት በሰዓት 2 ጊጋባይት ያህል ስለሚወስድ 32 ጊጋባይት ካርድ ከበቂ በላይ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ደግሞ ረጃጅም የኤክስኤልአር ኬብሎች እና ከሌሎቹ የመሰኪያ ዓይነቶች ከጃክና ከአርሲኤ ጋር የሚያገናኙ መቀየሪያዎች አይጥፉ። የሚክሰሩ መውጫ የትኛው እንደሆነ ቀድማችሁ አታውቁም።

ጥያቄ፦ ስልኬ በጣም ጥሩ ቪዲዮ ያነሳል። ድምፁንስ በእሱ ብንቀዳ ምን አለበት?
ጊታሪስቱ

መልስ፦ ምስሉን በስልክ አንሱ፣ ድምፁን በመቅጃ። ስልክ የተሠራው ለንግግር ነው። ድምፅ ሲበረታ በራሱ ይቀንሳል፣ ሲላላ ይጨምራል። ድራሙ በተመታ ቁጥር ዘፈኑ ሁሉ ይሰምጥና ተመልሶ ይነሳል፤ የሚተነፍስ ይመስላል። ምስሉንና ድምፁን ለማገናኘት እዚህም ጭብጨባ ይረዳል። ግን ተጠንቀቅ፣ ሁለት መሣሪያ ሰዓታቸው እኩል አይሄድም። ከሚሊዮን አስር ብቻ ቢለያዩ በሁለት ሰዓት ውስጥ 72 ሚሊሰከንድ ይራራቃሉ። መጀመሪያ ላይ የገጠመው ከንፈር መጨረሻ ላይ ይስታል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዘፈን ለብቻው ግጠመው።

ጥያቄ፦ 32 ቢት ፍሎት ያለው መቅጃ ጌይን ማስተካከል አያስፈልገውም፣ ድምፁም በጭራሽ አይሰነጠቅም ይላሉ። እውነት ነው? ለእሱ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ይገባናል?
ድራመር

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ዙም እ.ኤ.አ. በ2019 ኤፍ6 የተባለውን መቅጃ ሲያወጣ ነው ይህ ነገር በትንንሽ መቅጃዎች መሰማት የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጡት የዙም ኢሴንሻል መቅጃዎችም አላቸው። ፋይሉ ከልክ ያለፈውን ድምፅ ሳይቆርጥ ይይዘዋል፤ ቤት ገብተህ ዝቅ ስታደርገው ሙሉ ሆኖ ይመለሳል። ቴክኒሻን ለሌለው ባንድ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። እኔ ብሆን ከቻልኩ እጨምርበታለሁ።

ግን ከመቅጃው በፊት የተሰነጠቀውን አያድንም። የሚክሰሩ ቀይ መብራት ከበራ ድምፁ በኬብሉ የሚመጣው ተሰንጥቆ ነው። ማይኩም የራሱ ልክ አለው። ከመቅጃው ጋር የሚመጣው ወረቀት ላይ «ከፍተኛ የድምፅ ግፊት» የሚል ቁጥር ፈልግ። በአንዳንዶቹ 120 ዴሲቤል ያህል ነው፣ ጠንካሮቹ ከ130 በላይ ይሸከማሉ። አዳራሽ መሐል ላይ 120 ይበቃሃል። ያንተ ድራም ሥር ካስቀመጡት ግን አይበቃም፤ ከስኔሩ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ምቱ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል።