የእናቴ የብብት እጢ በሞለኪውላር ምርመራ ካልታየ ውጤቱ አይታመንም?

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው የምጽፍልዎ። እናቴ 54 ዓመቷ ነው፣ ከስድስት ሳምንት በፊት ግራ ጡቷን ከነብብቷ እጢ አውጥተውላታል። ወረቀቱ ከ12 ሊምፍ ኖድ (የብብት እጢ) 3ቱ ካንሰር አለባቸው ይላል። ውጭ ያለው ወንድሜ ግን እዚህ በሞለኪውላር ምርመራ በግማሽ ሰዓት ነው የሚያውቁት፣ የማይክሮስኮፑን አትመኑ፣ ኬሞ ሳትጀምር ላምጣት እያለ ነው። እንጠብቀው ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ አትጠብቁ፣ ኬሞው ይጀመር። ወንድምሽ ስለ እናቱ ተጨንቆ ነው፣ ያለውም ምርመራ እውነት አለ፣ ግን ለሳቸው አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጡት ካንሰር ሲሰራጭ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው ብብት ውስጥ ያለችው የመጀመሪያዋ እጢ ላይ ነው፣ ሰርጅኑ ጡቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ወግቶ ቀለሙን የጠጣችውን እጢ ፈልጎ ያወጣታል። በሽተኛዋ ገና ጠረጴዛው ላይ ተኝታ እያለች ጥያቄው አንድ ነው፣ ይቺ እጢ ካንሰር አለባት ወይስ የለባትም፣ ካለባት የቀሩትም ይውጡ ወይ? በማይክሮስኮፕ በደንብ ለማየት ቀናት ይፈጃል፣ የሚታየውም ስስ ስስ ሆኖ የተቆረጠው ብቻ ነው። ወንድምሽ ያለው ሞለኪውላር ምርመራ፣ ኦስና የሚባለው ግን እጢዋን ፈጭቶ ሲኬ 19 የሚባለውን የጡት ሴል ፕሮቲን አር ኤን ኤ፣ ማለትም የሴሉን የመስሪያ መልእክት ይፈልጋል፣ ጤነኛ እጢ ውስጥ ይሄ የለም ማለት ይቻላል። በማይክሮ ሊትር ከ250 ኮፒ በታች ከሆነ ነፃ ነው፣ ከ5000 በላይ ከሆነ ሰፋ ያለ ስርጭት አለ ማለት ነው። ጥቅሙ ሴትየዋ ሁለተኛ ኦፕሬሽን አትገባም። ጉዳቱ ደግሞ የተፈጨ እጢ ተመልሶ በማይክሮስኮፕ አይታይም፣ ሲኬ 19 የማያመርት ካንሰርም ያመልጠዋል።

የእናትሽ ብብት እኮ ተጠርጓል፣ ጥያቄው ተመልሷል፣ ሶስቱ እጢ ላይ ካንሰሩ በዓይን ታይቷል፣ ይሄ የሚታመን ውጤት ነው። ደግሞ ምርመራው ትኩስ እጢ ነው የሚፈልገው፣ የሳቸው ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ፈሳሽ) ገብቶ ሰም ውስጥ ነው ያለው፣ ስለዚህ ቢሄዱም አይሰራላቸውም! ኬሞ ደግሞ ከኦፕሬሽን በኋላ ከሶስት ወር በላይ ሲዘገይ መዘግየቱ ይጎዳል፣ እናንተ ግማሹን ጊዜ ጨርሳችኋል።

ለቲኬት የያዛችሁትን ብር እዚህ ላይ አውሉት፦ ወረቀቱ ላይ ኢስትሮጅን፣ ፕሮጄስትሮን እና ሄር ቱ የሚል፣ ካንሰሩ በየትኛው መድሀኒት እንደሚታከም የሚያሳይ ውጤት አለ ወይ? ከሌለ ነገ ጠዋት ሥጋው የታየበት ላብራቶሪ፣ ፓቶሎጂው ጋ ሄደሽ ይሄ ምርመራ እንዲሰራበት ብሎኩን ጠይቂ። ብሎክ ማለት የእናትሽ ሥጋ ውስጧ ያለ አውራ ጣት የምታክል ሰም ናት፣ ትንሽ የፕላስቲክ ክፈፍ ላይ የተጣበቀች፣ ቁጥሯ ከወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን እይ፣ መኪና ውስጥ ፀሀይ ላይ እንዳትተያት ትቀልጣለች። ኢስትሮጅን ፖዘቲቭ ከሆነ ታሞክሲፈንን የመሰለ ኪኒን ለዓመታት ይወስዳሉ፣ ርካሽ ነው፣ ህይወት ያተርፋል፣ ሄር ቱ ፖዘቲቭ ከሆነ ሌላ መድሀኒት አለው። ይሄን ሳያውቁ ኬሞ ብቻ ጨርሰው የሚቀሩ እናቶች ያሳዝኑኛል።

አንድ ጊዜ ከሰንዳፋ አንዲት እናት ከጡታቸው የወጣውን በማር እቃ ውስጥ ውሃ ሞልተውበት ታክሲ ተሳፍረው አመጡልኝ፣ ፎርማሊን መሆን እንዳለበት የነገራቸው የለም፣ ሥጋው ተበላሽቶ ምንም ማየት አልቻልንም። ሰፈርሽ ውስጥ ኦፕሬሽን የሚገባ ሰው ካለ ይሄን ንገሪልኝ።

የግራ እጃቸውን ነገርም አደራ፣ እጢዎቹ ስለወጡ ሊያብጥ ይችላል። እንጀራ ሲጋግሩ ምጣዱ እንዳያቃጥላቸው፣ ደም ሲቀዱም ግፊት ሲለኩም በቀኝ ይሁን። እጁ ቀልቶ ከሞቀ ወይ ትኩሳት ከመጣ እስከ ቀጠሮው አትጠብቁ፣ የዛኑ ቀን ይዘሻቸው ሂጂ።