«ጨጓራው ውስጥ ሙጫ ሊወጉት ነው አሉን»

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ስለ ወንድሜ ነው። 32 ዓመቱ ነው፤ ያደግነው ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ደም አስታወከና ሆስፒታል ተኝቶ ደም ተሰጠው። በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባው ቱቦ፣ ሲያዩት ጨጓራው አናት ላይ ያበጡ ደም ሥሮች አሉ፣ ጣፊያውም አብጧል፣ መነሻው ቢልሃርዚያ ነው አሉን። ሙጫ ይወጋል ተብሎ ተቀጥሮ ነበር። ጎረቤታችን ግን «ቱቦው ደም ሥሩን ያፈነዳዋል፣ ሙጫውም ያው ሱፐር ግሉ ነው» ስላለን ፈርተን ቀጠሮውን አሳለፍነው። አሁን ደህና ነው። አልፎ አልፎ ጨጓራውን ይለዋል፤ ለወገቡ ደግሞ ዳይክሎፌናክ ይወስዳል። በሚዋጥ መድኃኒት ብቻ አይድንም? እንጀራስ ይብላ?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቅሽኝ ስለ ሙጫ ነው። የፈራሽው ግን ወንድምሽ በእግሩ ገብቶ በቃሬዛ እንዳይወጣ ነው። አይፈረድብሽም፤ ደም ሲያስታውክ ያየ ሰው ያን ቀን አይረሳውም። ግን ፍርሃትሽ ቦታው ተሳስቷል። አንዴ የደማ እንዲህ ያለ ደም ሥር ካልታከመ ተመልሶ መድማቱ በጣም የተለመደ ነው፤ ክፉዎቹም የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ናቸው። እናንተ ግማሹን ጨርሳችኋል። ቀጠሮው ያለፈው በጎረቤት ወሬ መሆኑ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አናደደኝ።

ጎረቤታችሁ ስለ ሙጫው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። የሱፐር ግሉ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሳይኖአክሪሌት ይባላል። የተፈለገውም ለዚሁ ጠባዩ ነው፤ ደም ሲነካ በሰከንዶች ውስጥ ይጠነክራል። የምግብ ቧንቧ ላይ ያለውን ያበጠ ደም ሥር በትንሽ ላስቲክ አንቀን እናስረዋለን። ጨጓራ አናት ላይ ያለው ግን ወፍራም ነው፤ ላስቲኩ ሲወድቅ የሚተወው ቁስል ክፉኛ ሊደማ ይችላል። ስለዚህ በቀጭን መርፌ ከውስጥ እንደፍነዋለን። የደረቀው ሙጫ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ተቆርሶ ከሰገራ ጋር ይወጣል። አንዳንዱ ሰው ለአንድ ሁለት ቀን ትኩሳት ወይም ሕመም ይኖረዋል። አልፎ አልፎ ሙጫው በደም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ በትንሽ በትንሹ የሚወጋውም ለዚህ ነው። ይህን አልደብቅሽም። ሳይታከም ከመቀመጥ ጋር ግን አይወዳደርም።

ቱቦው? ትንሽ ጣት የሚያህል፣ የሚተጣጠፍ፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ነገር ነው። ደም ሥሩን የሚያፈነዳው ከውስጥ ያለው ግፊት እንጂ ቱቦው አይደለም። የቢልሃርዚያ ትል እንቁላሎች ጉበት ውስጥ ጠባሳ ሠርተዋል፤ ደሙ እዚያ ማለፍ ሲያቅተው እንደተደፈነ ቦይ በጎን ይፈስና በጨጓራ በኩል መንገድ ያወጣል። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፣ የቆየውን ጠባሳ ግን አይፍቀውም። (የሚገርመኝ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አድዋ ውስጥ ያስተዋሉት በ1964 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ ዛሬም የዚሁን ትል ጠባሳ እናክማለን።) ደስ የሚለው ነገር፣ በቢልሃርዚያ ጊዜ ጉበቱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን አያቆምም። ደም ሥሩን ከተቆጣጠርነው ወንድምሽ ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል። ጉበትን የሚያጠቃውን ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢን ግን፣ ተመርምሮ ካልሆነ ይመርመር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ደብዳቤሽ ላይ ያስደነገጠኝ «አልፎ አልፎ ጨጓራውን ይለዋል» የሚለው ነው። እኛ አገር ሁሉም ነገር ጨጓራ ነው። ለመሆኑ ሰገራውን አይቶ ያውቃል? ደም ሥሩ ሁልጊዜ በትውኪያ አይናገርም፤ ቀስ እያለ ሲደማ ደሙ ወደ ታች ይወርድና ሰገራው ሬንጅ ይመስላል። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሚያጣብቅ፣ ሽታው ደግሞ አንዴ የሸተተው የማይስተው። የብረት እንክብልም ሰገራ ያጠቁራል፣ ግን እንዲህ አያጣብቅም፣ እንዲህም አይሸትም። ችግሩ የጉድጓድ ሽንት ቤት ነው፤ ማን ጎንበስ ብሎ ያያል? ብዙ ታካሚዎቼን ስጠይቃቸው «እኔ እንጃ ዶክተር፣ ጨለማ ነው» ይሉኛል። በስልኩ መብራት ይይ፣ ካልሆነም ፖፖ ላይ ይቀመጥ። ነውር የለውም፣ 32 ዓመቱም ቢሆን። ሬንጅ ከሆነ ያኔውኑ ሆስፒታል፣ በሌሊትም ቢሆን። እስኪነጋ ብሎ፣ ተልባ ጠጥቶ፣ ኦሜፕራዞል ገዝቶ መጠበቅ የለም። ሲነሳ ራሱን ካዞረው፣ ላብ ካጠመቀው፣ ልቡ ከመታችበት ሰገራውንም ሳታዩ ሂዱ። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

ዳይክሎፌናኩን ዛሬ ይጣለው። አይቡፕሮፌንም፣ አስፕሪንም እንዲሁ። ደም ሥሩ የሳሳ ሰው ጨጓራ የሚያቆስል መድኃኒት በራሱ ትእዛዝ ይውጣል? ማን አዘዘለት? ወገቡን ካመመው ፓራሲታሞል ይበቃዋል፤ ስንት ይውሰድ የሚለውን ሐኪሙ ይንገረው።

የሚዋጥ መድኃኒት አለ። ፕሮፕራኖሎል ግፊቱን ይቀንሳል፣ ምናልባት ጀምረውለት ይሆናል። ግን ከሙጫው ጋር እንጂ በሙጫው ምትክ አይደለም፤ በራሱ ጊዜም አያቁመው። ነገ ጠዋት ሄዳችሁ ቀጠሮውን አሲዙ፣ «አምልጦን ነው» በሉ፣ ማንም አይበላችሁም። በአንዴ ላይዘጋ ስለሚችል ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሊደገምለት ይችላል።

እንጀራ ይበላል፣ በርበሬው ደም ሥር አያፈነዳም። ለኢንዶስኮፒው ግን ከማታ ጀምሮ ምንም ሳይቀምስ ይሂድ። ከሕክምናው በኋላ መጀመሪያ ለብ ያለ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ ለስለስ ያለ ፍትፍት፣ አጥሚት። ቆሎና ድርቆሽ ለጊዜው ይቅርበት።